ስለ ልዑል ዓለማየሁ ፎቶግራፍ

ፎቶግራፍ ዝም የሚል ነገር ነው። ዝም ስለሚልም እኛ በእርሱ ፈንታ እንናገርለታለን። በየቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአያታችንን ፎቶግራፍ ለእንግዳ ስናሳይ «ቁጡ ሰው ነበሩ፤ ፊታቸውን አያዩትም?» እንላለን። ዳሩ ግን ቁጣቸውን ያገኘነው ከፎቶግራፉ ሳይሆን ከእናታችን አፍ ነው። ወሬውን ያልሰማ ሰው ያንኑ ፊት ቢመለከት፣ አያታችን በዚያን ቀን ጥርሳቸውን ታመው ኖሯል ብሎ ሊገምት ይችላል። ስለዚህ ፎቶግራፍ ማየትና ሰውን ማወቅ አንድ ነገር አለመሆኑን አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል።

እኔ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያህል ታሪክ ሳስተምር ኖሬ፣ ይህን ትምህርት ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ጫማ ካልነበረው ከአንድ ተማሪዬ ነው። እንዴት እንደ ሆነ ወደ ኋላ እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን የነገሩ ሥር የሆነውን የልዑል ዓለማየሁን ታሪክ ማስታወስ ይገባኛል።

ዓለማየሁ የአጼ ቴዎድሮስና የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ልጅ ሲሆን የተወለደው በሚያዝያ ወር 1853 ዓ.ም. ነው። እናቱ የሰሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ። ሕፃኑ ሰባት ዓመት ሲሆነው፣ በጄኔራል ናፒየር የሚመራ የእንግሊዝ ጦር ንጉሡ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት እስከ መቅደላ መጣ። እስረኞቹ ከተለቀቁ በኋላም ጦሩ አልተመለሰም፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በትንሣኤ ማግሥት አምባውን ሰብሮ ገባ። ቴዎድሮስም በጠላት እጅ ከመያዝ መሞትን መርጠው በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ከዚያ በኋላ በመቅደላ የነበረው መጽሐፍ፣ ዘውድ፣ ጽዋና ልብስ እንዴት እንደ ተዘረፈ ብዙ ሰው የጻፈበት ስለ ሆነ እዚህ አልደግመውም።

አንድ ነገር ግን ልብ ማለት ይገባል። አጼ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አልታወቀም። መልካቸውን የምናውቀው በሥዕል ብቻ ነው፤ ከሥዕሎቹም አንዱ ከጦሩ ጋራ የመጣው የብሪታንያ ሙዚየም ሰው፣ ሆምስ የሚባለው፣ ንጉሡ ከሞቱ በኋላ ፊታቸውን አይቶ የሣለው ነው። ከጦሩ ጋራ የመጡት መሐንዲሶች የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዘው ነበር፤ ተራራውንና ሰፈሩን፣ የተፈቱትንም እስረኞች አንሥተዋል። ንጉሡን ግን ሕያው ሆነው አላገኟቸውም። እንግዲህ አባት አንድም ፎቶግራፍ ሳይተውልን አለፈ፤ ልጁ ግን ከዚያ በኋላ በሰው አገር ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ ተነሣ። አባትዮው ራሱን ለማንም ያልሰጠ ሰው ነበር፤ ልጁ ግን እምቢ ለማለት ዕድሜውም ኃይሉም አልነበረውም።

ጦሩ ወደ ባሕር ሲመለስ ሕፃኑና እናቱ አብረው ተወሰዱ። እቴጌ ጥሩወርቅ ግን ታመው በግንቦት ወር 1860 ዓ.ም. በመንገድ ላይ ሞቱና ጨለቆት ተቀበሩ። ሕፃኑ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ አባቱንም እናቱንም አጣ። የቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት አለቃ ዘነብ እያስተማሩት አብረው እንዲሄዱ ታስቦ ጉዞውን ጀምረው ነበር፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው እንዲዘልቁ አልተደረገም፤ ተመለሱ። እኔ አስተማሪ ነኝና ከታሪኩ ሁሉ ይህ ስፍራ ልቤን ይነካዋል። ልጁ ቋንቋውንና ፊደሉን የሚጠብቅለት አንድ ሰው ነበረው፤ ያም ሰው ከመንገድ ቀረ።

የቀረለት ሞግዚት ካፒቴን ስፒዲ ነበረ። ስፒዲ ቀድሞ በቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገለ፣ አማርኛ የሚያውቅ፣ ቁመቱ እጅግ የረዘመ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ ያገራችን ሰዎች «ባሻ ፈለቀ» ይሉት ነበር። ሕፃኑ ሌሊት እየፈራ እርሱ አጠገቡ ካልሆነ መተኛት እምቢ ይል እንደ ነበረ ተጽፏል። ስለዚህ ስፒዲን እንደ ጠላት ብቻ ማየት ፍርድ ማጓደል ነው፤ ሕፃኑ ወዶታልና።

በሐምሌ ወር 1860 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር በደረሱ ጊዜ ስፒዲ ልጁን ይዞ ዋይት ወደምትባለው ደሴት ሄደ። ንግሥት ቪክቶሪያም በዚያችው ደሴት በኦስቦርን ቤተ መንግሥታቸው ተቀበሉት፤ እጅግም አዘኑለት። ከዚሁ ደሴት ፍሬሽወተር በምትባል መንደር ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ወይዘሮ ትኖር ነበር። ይህች ሴት ፎቶግራፍ ማንሣት የጀመረችው አርባ ስምንት ዓመት ከሆናት በኋላ፣ ልጇ መሣሪያውን በስጦታ ስትሰጣት ነው። ቢሆንም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስሟ ተጠራ። ባለቅኔው ቴኒሰን ጎረቤቷ ነበር፤ የሥነ ፍጥረት ሊቅ የሆነውን ዳርዊንንም በዚያው በጋ አንሥታዋለች። ዓለማየሁም በእነዚህ ታላላቅ ሰዎች ተራ እፊቷ ተቀመጠ።

ካነሣቻቸው ፎቶግራፎች በአንዱ ሕፃኑ ካገሩ ልብስ ጋራ ለብቻው ተቀምጦ ይታያል፤ በሌላው ደግሞ ከስፒዲ ጋራ ነው። ስፒዲም ያገራችንን የጦር ሰው ልብስ ለብሷል። እንግሊዛዊው የኢትዮጵያዊ ልብስ ለብሶ ሲታይ፣ ኢትዮጵያዊው ልጅ ደግሞ ጥቂት ቆይቶ ያገሩን ልብስ አውልቆ ኮትና ሱሪ የሚለብስበት ጊዜ ተቃርቦ ነበር። ፎቶግራፎቹ ታትመው ለሕዝብ ተሸጡ። ከሥራቸውም ደጃች ዓለማየሁ፣ የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ መሆኑ ተጽፎባቸዋል። የገዛቸው ሰው ብዙ ነው፤ ስለ መቅደላ ጦርነት በየጋዜጣው ያነበበ ሁሉ የተሸነፈውን ንጉሥ ልጅ ፊት ማየት ይፈልግ ነበርና።

በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ ማንሣት እንደ ዛሬው የጣት ጨዋታ አልነበረም። መስተዋት በሚጣበቅ ፈሳሽ ይቀባል፤ ብርሃን እንዲይዝ ብር ባለበት ውኃ ይነከራል፤ ሳይደርቅም በመሣሪያው ውስጥ ገብቶ መነሣትና ወዲያው በጨለማ ክፍል መታጠብ አለበት። ካሜሮን በተለይ መስተዋቱን ለብርሃን ረዘም ላለ ጊዜ ትከፍት ስለ ነበር፣ የሚነሣው ሰው ብዙ ጊዜ ለደቂቃዎች ያህል ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። ይህንን ሁሉ የምተርከው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እኔ ራሴ ይህን ባለማወቄ ስለ ተሳሳትሁ ነው።

እነሆ ስሕተቴ። የዚህን ፎቶግራፍ ግልባጭ አግኝቼ በማስተምርበት ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፌው ነበር። በየዓመቱም ስለ መቅደላ በማስተምርበት ቀን ከፎቶግራፉ ፊት ቆሜ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ልጆቼ፣ ይህንን ዓይን ተመልከቱ፤ ይህ ሕፃን ፈገግ አላለም፤ አባቱንና አገሩን እያሰበ በልቡ ያለቅሳል» እል ነበር። ልጆቹም ዝም ይሉ ነበር፤ አንዳንዶቹም እንባ ይቀርባቸው ነበር። እኔም ጥሩ አስተማሪ የሆንሁ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ዓመት እንደ ልማዴ ይህንን ተናግሬ ስጨርስ፣ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ጋሼ፣ እሱ ነግሮዎት ነው?» አለኝ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ተቆጣሁ፤ «ተቀመጥ!» አልሁት። ተቀመጠ። ቤቴ ገብቼ ማታ ሳስበው ግን ልጁ የጠየቀው ለቀልድ አልነበረም። ለደቂቃዎች እንዳትነቃነቅ የተባለ የሰባት ዓመት ሕፃን፣ ንጉሥ ቢሆን ለማኝ ቢሆን፣ ፈገግ ብሎ ሊቆይ አይችልም። በዚያች ሰዓት ዓለማየሁ አባቱን አስቦ ይሆናል፤ ወይም አንገቱ ደክሞት፣ ወይም ርቦት ይሆናል። እኔ አልነገረኝም። የሸጡት ሰዎች ለገበያቸው የሚስማማውን ስም ከሥሩ ጻፉበት፤ እኔ ደግሞ ለትምህርቴ የሚስማማውን ለቅሶ በፊቱ ላይ ጻፍሁበት። እነርሱ በንቀት፣ እኔ በፍቅር እናድርገው እንጂ፣ ሁላችንም በእርሱ ፈንታ ተናገርን።

ከዚህ የባሰው ነገር ግን የጠያቂው ልጅ ማንነት ነበር። እርሱን ለመናገር አስቀድሜ የራሴን ልጅነት መናገር ያስፈልገኛል።

እኔ ያደግሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። ፊደል የቆጠርሁት፣ እንግሊዝኛ የተማርሁት፣ መጽሐፍ ቅዱስን እንደ ልቤ ማንበብ የቻልሁት በዚያ ነው፤ ስለዚህም እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። ዳሩ ግን ምስጋና እውነትን እንዲሰውር አይገባም። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አባቴ ለፋሲካ ጫማ ገዛልኝ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያው ጫማዬ ነበረ። ከበዓሉ በኋላ ጫማዬን አድርጌ ትምህርት ቤት ስደርስ፣ ከባሕር ማዶ የመጣች አንዲት እመቤት ልጆችን ፎቶግራፍ ታነሣ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ጫማዬን አይታ ከአስተርጓሚው ጋራ ተነጋገረች፤ አስተርጓሚውም «አውልቀው፤ በባዶ እግርህ ቁም» አለኝ። አወለቅሁ። ቆምሁም። ጫማዬን ከጀርባዬ በሁለት እጄ ይዤ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አስተማሪ ከሆንሁ ወዲህ፣ ያንን ፎቶግራፍ በአንዲት ትንሽ ጽሑፍ ላይ ታትሞ አገኘሁት። ከሥሩ ስሜ የለም፤ የሚያነብበው ሰው ለእንደዚህ ያሉ ልጆች ገንዘብ እንዲረዳ ይለምናል። የማያውቀኝ ሰው አይቶኝ አዝኖልኝ ይሆናል፤ ኀዘኑም ለሌላ ልጅ መጽሐፍ ገዝቶ ይሆናል። ከጀርባዬ የያዝሁትን ጫማ ግን አላየም። አባቴም ጫማውን ለመግዛት ምን ያህል ቀን እንደ ሠራ አላወቀም። በዚያች ቀን የተወሰደብኝ ጫማዬ አልነበረም፤ እርሱማ ተመልሶ ከእግሬ ገብቷል። የተወሰደብኝ የአባቴ ክብር ነበር።

እንግዲህ ይህ የደረሰበት ሰው በሌላው ላይ ያንኑ አያደርግም ብሎ አንባቢ ይገምት ይሆናል። እኔም እንደዚያ እገምት ነበር። ነገር ግን ያ ልጅ ጥያቄውን ከመጠየቁ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ትምህርት ቤታችንን ሊጎበኙ የሚመጡ ትልቅ ሰው ነበሩና ልጆቹን ለፎቶግራፍ የማሰለፍ ሥራ ለእኔ ተሰጥቶኝ ነበር። ጫማ ያላቸውን ከፊት አቆምሁ። ጫማ የሌላቸውን ደግሞ ወደ ኋላ መለስሁ። ያ ልጅ በቁመቱ አጭር ስለ ነበረ የሚገባው ከፊት መቆም ነበር፤ ሄዶም ከፊት ቆመ። እኔ ግን እግሩን አይቼ በክንዱ ይዤ ከረጃጅሞቹ ኋላ አቆምሁት። አንድም ቃል አልተናገረም። ፎቶግራፉ ታጥቦ ሲመጣ ከእርሱ የሚታየው ግንባሩ ብቻ ነው።

እኔን ጫማ ያስወለቁኝ ድህነቴን ለማሳየት ነበር፤ እኔ ልጁን ወደ ኋላ የመለስሁት ድህነቱን ለመሰወር ነበር። ነገሩ የተለያየ ይመስላል እንጂ አንድ ነው። እነርሱም እኔን አልጠየቁኝም፤ እኔም እርሱን አልጠየቅሁትም። ስለዚህ «እሱ ነግሮዎት ነው?» ሲለኝ፣ ስለ ዓለማየሁ ብቻ አልጠየቀኝም። በዚያ ክፍል ውስጥ በሰው እጅ ተይዞ ለፎቶግራፍ መቆም ምን እንደ ሆነ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ እርሱ፣ ሁለተኛውም የረሳሁት እኔ ነበርሁ።

ይቅርታ ልጠይቀው አሰብሁ። ነገር ግን አስተማሪ ተማሪውን ይቅርታ ቢጠይቅ ክብሩ ይቀንሳል የሚል ሐሳብ ያዘኝና «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ስል ዓመቱ አለቀ። ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲከፈት ልጁ አልተመለሰም፤ ቤተ ሰቡ ወደ ሌላ አገር ሄዷል አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ይህ ዕዳ ሳይከፈል ከእኔ ጋራ አርጅቷል።

ወደ ዓለማየሁ ልመለስ። ስፒዲ ሚስት ካገባ በኋላ ልጁን ይዘው ወደ ሕንድ ሄዱ። ስፒዲ ወደ ማላያ በተሾመ ጊዜ ግን የእንግሊዝ መንግሥት ልጁ ተመልሶ በእንግሊዝ አገር እንዲማር ወሰነ። ንግሥት ቪክቶሪያ ከስፒዲ ባይለይ ይወዱ ነበር፤ ልጁም መለየቱን አልወደደም። ነገር ግን ውሳኔው ጸና። ዶክተር ጄክስ ብሌክ በሚባሉ መምህር እጅ ተሰጥቶ መጀመሪያ በቼልተንሃም፣ በኋላም መምህሩ ወደ ራግቢ ሲዛወሩ በራግቢ ተማረ። ከዚያም ሳንድኸርስት ወደሚባለው የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ አልተስማማውም። አማርኛውንም እየረሳ ሄደ። በመጨረሻም ሊድስ በምትባል ከተማ በአንድ የቀድሞ አስተማሪው ዘንድ ሳለ በሳንባ በሽታ ታሞ፣ ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ። ንግሥቲቱ በባዕድ አገር ያለ ዘመድ ብቻውን መሞቱን ሰምተው እንዳዘኑ በዕለት ማስታወሻቸው ጽፈዋል። በዊንዘር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀበረ። በቤተ ክርስቲያኑም ውስጥ ስለ እርሱ በናስ ላይ የተጻፈ መታሰቢያ አለ፤ ቃሉም ከማቴዎስ ወንጌል ሃያ አምስተኛ ምዕራፍ፣ እንግዳን ስለ መቀበል ከሚናገረው የተወሰደ ነው። ቃሉ ቅዱስ ነው። ነገር ግን በሚስዮን ትምህርት ቤት በቃሌ ያጠናሁትን ይህንን ምዕራፍ አሁን ሳነብ፣ ልጁን እንግዳ ያደረገው ማን ነበር ብዬ ሳልጠይቅ ማለፍ አልችልም።

የኢትዮጵያ መንግሥት አጽሙ እንዲመለስ በ1999 ዓ.ም. ጠይቆ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት፣ በአካባቢው የተቀበሩትን ሌሎች ሰዎች ሳይነኩ አጽሙን ማውጣት አይቻልም ሲል መለሰ። ይሁን እንጂ በ2011 ዓ.ም. በለንደን በጦር ሠራዊት ሙዚየም የነበረው የአጼ ቴዎድሮስ ጠጕር ለኢትዮጵያ ተመልሷል፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ የስፒዲ ዘመዶች በቤታቸው ይዘውት የኖሩት የዓለማየሁ ጠጕር ለኢትዮጵያ ተሰጥቷል። ትንሽ ነገር ነው የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ግን ትንሽ አልለውም። ፎቶግራፉን ሺህ ሰው አይቶታል፤ ጠጕሩ ግን የእርሱ የራሱ አካል ነው። በእርሱ ላይ ማንም ስም ሊጽፍበት አይችልም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የታላላቅ ሰዎችን ፎቶግራፍ ባየህ ጊዜ ቶሎ አትፍረድ፤ ቶሎም አታልቅስ። መጀመሪያ ጠይቅ፦ ይህንን ሰው እዚህ ያስቀመጠው ማን ነው? ልብሱን የመረጠለት ማን ነው? የተነሣው ለማን ዓይን ነው? እምቢ ማለት ይችል ነበርን? ለእነዚህ መልስ ካገኘህ በኋላ ስለ እርሱ ተናገር፤ ካላገኘህም ዝም በል፤ ዝምታም አንድ ዓይነት አክብሮት ነውና። ይህም ለነገሥታት ልጆች ብቻ አይደለም። ዛሬ በየኪሳችን የፎቶግራፍ መሣሪያ አለ፤ የታመመውን፣ የወደቀውን፣ የሚለምነውን ሰው ሳንጠይቀው አንሥተን ለዓለም እናሳያለን። አንዳንዱም ምጽዋት ሲሰጥ የተቀባዩን ፊት ያነሣል። ያ ሰው ከጀርባው ምን እንደ ያዘ ግን አናውቅም።

እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የቆዩ ፎቶግራፎቼን ከሣጥን አውጥቼ በጀርባቸው የሰዎቹን ስም መጻፍ ጀምሬአለሁ። የዚያ የትምህርት ቤት ፎቶግራፍ ጀርባ ላይ የጻፍሁት ቀድሞ የፊተኛውን ረድፍ ልጆች ስም ብቻ ነበር። አሁን ከኋላ ያሉትንም እያስታወስሁ ጨምሬአለሁ። ግንባሩ ብቻ የሚታየውን የዚያን ልጅ ስም ግን ለማስታወስ አልተቸገርሁም፤ ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍሁት እርሱን ነው። ከአጠገቡም «ከፊት መቆም ይገባው ነበር» ብዬ ጽፌአለሁ።